ለውሃው የድሮው ይበቃል

ታላቅ እህቴ ጉልበቷን እያሻሸች ሶፋዬ ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ አራት ፓኮ መድኃኒት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ጠዋትና ማታ፣ ስድስት ወር ሙሉ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ነው። ከጀመረችው ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሆዷ ተበጥብጦ ምግብ አልቀመስ ብሏታል፤ ፊቷ ከስቷል፤ በገዛ እጇ የሰፋችው ቀሚስ ሰፍቷታል።

«ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ እየሳቀች። «‹አይዞዎት፣ ይሄ በትልቅ ጥናት የተረጋገጠ ነው› ብሎ ኮምፒውተሩን ወደኔ ቢያዞርልኝ ያንቺ ስም! ‹ይቺማ እህቴ ናት› ብለው አላመነኝም። ለካ ሰው ዝነኛ እህት ስትኖረው ውሸታም ይባላል።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የከሳ ፊቷን እያየሁ ደስ አለኝ። ያን ቀን የነበርኩትን ሴትዮ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት።

ጥናቱ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ያሳተምኩት ነው። ጉልበታቸው ለዓመታት ካበጠባቸው አርባ ሰዎች የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ወስደን፣ በሠላሳ ሰባቱ ውስጥ አንጀት ውስጥ የሚኖር የአንድ ባክቴሪያ ዲኤንኤ አገኘን። ከሃያ ጤነኞች ግን ከአንዳቸውም አላገኘንም። ባክቴሪያው ከአንጀት ተነስቶ ጉልበት ድረስ ይሄዳል ብለን ጻፍን፤ ዓለም ወደደልን፤ ሐኪሞችም ባክቴሪያውን የሚገድል አንቲባዮቲክ ማዘዝ ጀመሩ። በእኛ ሙያ አንድ ተመራማሪ በጽሑፉ ውስጥ የሌላውን ጽሑፍ በማስረጃነት ሲጠቅስ፣ ለተጠቀሰው ሰው አንድ ተብሎ ይቆጠርለታል። ሰው የሚመዘነው በዚህ ቁጥር ነው። ያ ጽሑፍ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። ሌሎቹ ሃያ ሦስት ጽሑፎቼ ሁሉም ተደምረው መቶ ዘጠና አራት ጊዜ። እንግዲህ እኔ ማለት ያ ጽሑፍ ነበርኩ፤ የቀረው ማሟያ ነው።

የዩኒቨርሲቲያችን የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ከአንድ ወር በኋላ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ይዟል። ሙሉ ፕሮፌሰር ልባል ነው። ለዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ማዕረግ ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለዚያ ቀን የምለብሰውን ኮትና ጉርድ ቀሚስ ከአሁኑ ለክታ ጀምራዋለች።

«ለመሆኑ የኔንስ ጉልበት አይተሽ ታረጋግጪልኛለሽ?» አለችኝ። «ሐኪሙ ለምርመራ ፈሳሽ ሊቀዳልኝ ነው። ትንሽ ላንቺ ብለው ይከለክለኛል?»

«ምን ገዶኝ እትዬ!» አልኳት። ለጉራ ነው እንጂ ለምርመራ አልነበረም። የገዛ ግኝቴን የገዛ እህቴ ጉልበት ውስጥ ላየው ጓጓሁ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሻምበል የምንለው ቴክኒሻን አለ። ሻምበል ይባል እንጂ ጦር ሜዳ ደርሶ አያውቅም፤ ስሙን ያወጡለት በግትርነቱ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ከአንድ ሆስፒታል ወደኛ የተዛወረ ሰውዬ ነው። ደንብ ካለ ደንብ ነው፣ ከሌለ ራሱ ያወጣል። የእህቴን ፈሳሽ በበረዶ አድርጌ ሰጠሁትና ወደ ቢሮዬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳ። የውጤቱን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። አሠራሩ ይኼ ነው፦ ፈሳሹ ውስጥ የባክቴሪያው ዲኤንኤ ካለ የምንጨምርበት ኢንዛይም ማሽን ውስጥ ያባዛዋል፣ በኋላ ጄል በሚባል የረጋ ዝልግልግ ላይ ብሩህ መስመር ሆኖ ይታያል። ሁልጊዜ ደግሞ ከበሽተኞቹ ቱቦዎች ጎን አንዲት ቱቦ ትሠራለች፣ በፈሳሹ ፋንታ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚገባባት። እሷ መጨለም አለባት። ውሃ ውስጥ መስመር ከታየ የሆነ ነገር ተበክሏል ማለት ነው።

የእህቴ መስመር ቦግ ብሏል። የውሃውም ቦግ ብሏል።

«እጅህ ነው» አልኩት። «አንድ ቦታ አነካክተሃል።»

«ይሆናል» አለ ሻምበል ፊቱ ሳይለወጥ። «እደግመዋለሁ።»

በማግሥቱ ደገመው፤ ውሃው አበራ። አዲስ ውሃ ከፍቶ ሠለሰው፤ ውሃው አበራ። በአራተኛው እኔ ራሴ ጓንቴን አጥልቄ ተቀመጥኩ። ሃያ አምስት ዓመት ፈሳሽ በምንለካበት በፒፔት የሠራሁ ሴትዮ ነኝ፤ ጠብታ አላባክንም። ሻምበል ጎኔ ቆሞ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ያየኛል። የኔም ውሃ አበራ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «እኔ ኢንዛይሙንም ሌላውንም በአንድ ዕቃ ቀላቅዬ ነው ለሁሉም ቱቦ እኩል የማካፍለው። ለውሃውም፣ ለሰውም። እርስዎ ያኔ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

«እንደዚሁ ነዋ!» አልኩት ተቆጥቼ። የተቆጣሁት እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው።

አሮጌዎቹ የሥራ ደብተሮች ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ የተሰበሩ ወንበሮች የተቆለሉበት ክፍል ውስጥ ናቸው። የዚያን ዓመቱን ሦስተኛ ደብተር አገኘሁት። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፤ ያኔ ፊደሌ ያምር ነበር። በየገጹ ቀኑ፣ የበሽተኛው ቁጥር፣ የኢንዛይሙ የምርት ቁጥር ሰፍሯል። ከሥር ከሥሩ ደግሞ በየገጹ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ «ለውሃው የድሮው ይበቃል።»

ቁጢጥ ብዬ አነበብኩት፤ ቆሜም አነበብኩት። ያኔ የነበርንበት ሁኔታ አንድ በአንድ መጣልኝ። አዲሱ ኢንዛይም ውድ ነበር፣ ከሩቅ ነበር የሚመጣው፣ በጠብታ ነበር የምንቆጥበው። ከፊተኛው ኢንዛይም ደግሞ ትንሽ ተርፎን ነበር። ለውሃ ምን አዲስ ኢንዛይም ያስፈልገዋል? ውሃ እኮ ነው። ለበሽተኞቹ አዲሱን፣ ለውሃው የተራረፈውን አደረግን። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም፤ የኔው ብልጠት ነበር፤ ቆጣቢ ተብዬም ተመስግኜበታለሁ። የጤነኞቹን ሃያ ሰዎች የሠራነውም ከዚያ ስድስት ወር ቀድሞ፣ በድሮው ኢንዛይም ነበር።

እንዲህ ያለው ኢንዛይም የሚመረተው ባክቴሪያ ውስጥ ነው። በደንብ ካልተጣራ የባክቴሪያው ዲኤንኤ ቅሪት አብሮት ይመጣል፤ ያኔ አዲስ ያልነውን ደግሞ እስከ ዛሬ ከዚያው አምራች ነው የምንገዛው። የትኛው ባክቴሪያ ቢሉ፣ ያው የኔ፣ «ከአንጀት ወደ ጉልበት» ያልኩት። ከአንጀት የሄደ ነገር የለም። ከጠርሙስ ወደ ቱቦ ነው የሄደው፣ ያጓጓዝኩትም እኔ ነኝ።

ሻምበል ያን ቀን ፍሪዘሩ ውስጥ ሲቆፍር ዋለ። ከኛ ላቦራቶሪ ፍሪዘር ምንም አይጣልም። ከበረዶው ሥር ያኔ አዲስ ያልነውን ኢንዛይም የምርት ቁጥር የያዘች፣ ሩብ የቀረላት ብልቃጥ ፈልፍሎ አወጣ። ምንም ሰው የሌለበት፣ ያ ኢንዛይምና ውሃ ብቻ ያለበት አሥር ቱቦ ሠራ። አሥሩም አበሩ። ከሌላ አምራች በተገዛ ንጹሕ ኢንዛይም የእህቴን ፈሳሽ ሠራው፤ ጨለማ ነው። ጉልበቷ ውስጥ ምንም የለም። ልብስ ስትሰፋ ሠላሳ ዓመት ፔዳል የረገጠችበት ጉልበት ነው፣ በቃ።

«ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» አለ ሻምበል ጓንቱን እያወለቀ። አልቀለደም፤ አዝኖልኝ ነበር።

በዚያው ቀን ወደ ፋኩልቲያችን ዲን ሄድኩ። ዲኑ አስተማሪዬ ነበሩ፤ ጽሑፉ ላይም ስማቸው ከስሞቹ ሁሉ መጨረሻ፣ በሙያችን የአለቃ ቦታ በሆነው ላይ ተቀምጧል። የጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ በመስተዋት አስገብተው ከወንበራቸው በላይ ሰቅለውታል። ደብተሩን፣ ፎቶዎቹን ዘርግቼ አስረዳኋቸው። አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ ገባቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ኮሚቴው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ።»

«እንግዲያው ከሦስት ሳምንት በኋላ እንነጋገራለን። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«በኛ ላቦራቶሪ ይነቅዛል» አልኳቸው። «አሥራ ሁለት ዓመት ነቅዟል።»

«ስሚኝ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ማን ጠየቀሽ? ማን ከሰሰሽ? አንድ ሺህ ምናምን ሰው በዚህ ጽሑፍ ላይ ቤቱን ሠርቷል። ነገ ተነስተሽ መሠረቱ አሸዋ ነው ስትይ የሚያመሰግንሽ ይመስልሻል?»

«እህቴ በቀን ሁለቴ ትውጠዋለች፣ ፕሮፌሰር።»

«እህትሽን አቁሚ በያት!» አሉ፣ ቀላል መፍትሔ ስላገኙ ፊታቸው እየፈካ። «ዛሬውኑ ደውይላትና አቁሚ በያት። ማን ከለከለሽ?»

ብዙ ነገር ሰምቼ አልፌ አውቃለሁ፤ ይቺን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ለእህቴ በጆሮዋ፣ ለሌላው እህት ግን ዝም። የኔ እህት ሆዷ ይዳን፤ የሰው እህት ትዋጠው። ደሜ ፈላ።

«እህት ያላት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» ብዬ ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ በመስተዋቱ ውስጥ ያለውን ገጽ አየሁት። «እሱንም ቢያወርዱት ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ አይታይም።»

እንዲህ በድፍረት ወጣሁ እንጂ ቢሮዬ ስገባ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ሰው ነኝ። ፕሮፌሰርነቱን እፈልገው ነበር፤ እንደ ልጅ እፈልገው ነበር። ሦስት ሳምንት ምን አላት? ደብዳቤው ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ኮሚቴው ቢሰበሰብ፣ ማዕረጉ ቢሰጥ፣ በማግሥቱ ቢላክ ማን ያውቃል? አንድ ሰዓት ሙሉ ከራሴ ጋር ተደራደርኩ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፣ ኢሜይሌን ከፍቼ ወደኋላ መፈለግ ጀመርኩ።

በነዚያ ዓመታት ሥራውን ደግመው ሠርተው አልሆን ያላቸው አራት ሰዎች ጽፈውልኝ ነበር። ሦስቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፈው ተዉት። አንዷ ግን ሦስት ጊዜ ጽፋለች። የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። በመጀመሪያው ደብዳቤዋ በትሕትና ጠየቀች። በሁለተኛው የሠላሳ በሽተኞችን ውጤት አያይዛ ላከች፤ ሁሉም ጨለማ። በሦስተኛው እንዲህ ትላለች፦ «አማካሪዬ ለላቦራቶሪ ሥራ እጅ የለሽም እያሉኝ ነው። እባክዎ የተጠቀሙበትን ኢንዛይም የምርት ቁጥር ይንገሩኝ።»

የመለስኩላትን አነበብኩ። ሁለት መስመር ነው። «ሥራው በብዙ ላቦራቶሪዎች ተቀባይነት ያገኘ ነው። የፒፔት አያያዝዎን እንዲያሻሽሉ እመክራለሁ።»

የምርት ቁጥሩን ጠይቃኝ ነበር። ትክክለኛውን ጥያቄ፣ ከስምንት ዓመት በፊት። ደብተሩ ከቢሮዬ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር፣ ሄጄ አልገለጥኩትም። በእውነት የምነግራችሁ ከጽሑፉ ስህተት ይልቅ ያቺ ሁለት መስመር ነች ያሳፈረችኝ። ስህተት ማንም ይሳሳታል። ይሄኛው ግን ትዕቢት ነበር።

ጽሑፉን ላወጣው ጆርናል አዘጋጅ የጻፍኩት ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ጽሑፉ ይሰረዝልኝ፤ ስህተቱ የኔ ነው፤ ያገኘነው የበሽተኞቹን ሳይሆን የኢንዛይማችንን ባክቴሪያ ነው፤ የውሃውን ቱቦ በሌላ ኢንዛይም ስለሠራሁ ሳላየው ቀረሁ። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አያያዝኩ፣ ያቺ «ለውሃው የድሮው ይበቃል» የምትለዋን መስመር ከነትርጉሟ። ለዲኑም ግልባጭ አደረግኩ። ላኪ የሚለውን ተጫንኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አፍሬ መመለስን መረጥኩ።

ማታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ስፌት መኪናዋ ላይ ኮቴን እየሰፋች ነበር፤ እጅጌው ገና አልተገጠመም። መድኃኒቱን አቁሚ አልኳት። ምክንያቱን ነገርኳት። መኪናዋን አቆመች።

«በሰው ፊት የእህቴ ነው ብዬ!» አለች። «ለሐኪሙ! ለነርሷ! ወረፋ ለሚጠብቁት ሁሉ!»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ወር ሙሉ ሆዴን አሳጥበሽኝ!»

«አውቃለሁ እትዬ። ይቅር በይኝ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ፕሮፌሰርነቱስ?»

«ይቀራል።»

እጅጌውን አነሳች፣ ከትከሻው ጋ አስተካከለችው፣ በመርፌ ያዘችው። «እና ኮቱን ልተወው ማለት ነው?»

«ምን አውቄ።»

«እብድ!» አለችኝና ፔዳሉን በታመመው እግሯ ረገጠችው። «ሰው ሲሾም ብቻ ነው እንዴ ደህና የሚለብሰው? ሲዋረድማ ይበልጥ ሊያምርበት ይገባል። ደርሼ እሰጥሻለሁ።»

የኮሚቴው ቀን ያንን ኮት ለብሼ ገባሁ። ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ዲኑ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቅጹን የሚሞላው ጸሐፊ። ዲኑ ቀና ብለው አላዩኝም። ጸሐፊው የሥራ ዝርዝሬን አነበበና «ጠቅላላ ተጠቃሽነት» ሲል ቆመ። «አንድ ሺህ አምስት መቶ ስድስት።»

ከአባላቱ አንዷ «ኧረ ጎሽ!» አለች።

«አይደለም» አልኩ። «አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ይቀነስ። ጽሑፉ እንዲሰረዝ ለጆርናሉ ጽፌያለሁ።»

ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጆርናሉ ገና አልወሰነም። ኮሚቴው የሚያየው የዛሬውን መረጃ ነው። ዛሬ መረጃው የሚለው ይሄን ነው።» ይሄን ያሉት እያዩኝ አልነበረም፤ ጠረጴዛውን ነበር የሚያዩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አሁን ደግሞ ወለል ብሎ የተከፈተልኝ በር ነው። እኔ ተናግሬአለሁ፤ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው፤ እነሱ አልሰማንም ብለዋል፤ ቁጥሩ ቆሟል። ዝም ብል ፕሮፌሰር ሆኜ እወጣለሁ። ማንም ደግሞ ዋሽተሻል አይለኝም። እንደዚያች ደቂቃ የተፈተንኩበት ጊዜ የለም።

«ዛሬ የማውቀው ነገር ዛሬ ነው የሚቀነሰው» አልኩ።

ጸሐፊው ግራ ገባው። «ዶክተር፣ ቅጹ ላይ የሚቀነስ የሚል ቦታ የለም። የሚደመር ብቻ ነው ያለው።»

«አምጣው።»

ቅጹን ከፊቱ ወሰድኩት። የገዛ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ስድስትን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከጎኑ «መቶ ዘጠና አራት» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት፣ መለስኩለት። የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቁጥር አምስት መቶ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎቹ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ያዙ። ኧረ ጎሽ ያለችው ሴትዮ ብቻ ኮቴን አየት አድርጋ «ማን ሰፋልሽ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ለማጽናናት ይሁን ለማሽሟጠጥ አላወቅሁም። «እህቴ» አልኳትና ወጣሁ።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ፤ መስፈርቱን አላሟሉም ይላል። ዲኑ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ደግሞ በሐዘን ቤት ድምፅ ያናግሩኛል። ሻምበል ብቻ ምንም አልተለወጠም። ፍሪዘሩ በር ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈውን ወረቀት ለጥፎ አገኘሁት፦ «ለሰው የገባ ለውሃም ይግባ።» ከሥሩ ፊርማና ማኅተም ያለበት ይመስል ሁሉም ሰው ያከብረዋል።

ጆርናሉ ከአራት ወር በኋላ የስረዛውን ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ገጽ ናት፣ ደብዳቤዬን እንዳለ ነው ያተሟት። ያ የተሰረዘው ጽሑፍ ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ መጠቀሱን አላቆመም። ሰው አንብቦ አይደለም የሚጠቅሰው፤ ሌላው ሲጠቅስ አይቶ ነው። በየወሩ ሦስት፣ አራት ይጨምራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ማስታወቂያው የወጣ ዕለት ለዚያች ሦስት ጊዜ ለጻፈችልኝ ሴት ጻፍኩላት። አድራሻዋ ተለውጦ ነበር፣ የድሮ ትምህርት ቤቷን ጠይቄ አገኘሁት። ሰበብ አልደረደርኩም። «ልክ ነበሩ። እኔ ተሳስቻለሁ። ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀውኝ ሰደብኩዎት» አልኳትና ማስታወቂያውን አያያዝኩ።

መልሷ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። ዶክትሬቷን አልጨረሰችም። አማካሪዋ እጅ የላትም ብለው አሰናብተዋታል፤ አሁን ወተት ፋብሪካ ውስጥ የወተት ጥራት መርማሪ ናት። ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላለችም። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ሦስት ጊዜ ጻፍኩልዎት። የኔ ውሃ ንጹሕ ነበር፤ በሽተኞቼም ንጹሕ ነበሩ። ለስምንት ዓመት እጄን ስጠራጠር ኖሬአለሁ። ፋብሪካ ውስጥ እንኳን እያንዳንዱን ናሙና ሁለቴ ነው የምሠራው፣ ሰዎቹ ይስቁብኛል።»

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ተናደድኩ፤ በራሴ፣ በአማካሪዋ፣ ቆጥሮ በማይጠግበው ሙያችን። ከዚያ ቁጭ ብዬ መለስኩላት። «ውጤቱ አለዎት? የሠላሳዎቹ በሽተኞች? ያሳትሙት። የኔ ስም አይግባበት። ጽሑፉን የሚገመግም ዳኛ ቢያስቸግርዎት ማስታወቂያዬን አንብብ ይበሉት።»

መልስ አልሰጠችኝም። ከስድስት ወር በኋላ ግን አንዲት ትንሽ ጆርናል ላይ የሁለት ገጽ ጽሑፍ ወጣች። ደራሲዋ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ በአድራሻዋ ቦታ የፋብሪካው ስም ተጽፏል። ሠላሳ በሽተኛ፣ አንድም ባክቴሪያ የለም። ማስረጃ ብላ የጠቀሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኔን የስረዛ ማስታወቂያ።

ዘንድሮ ኮሚቴው እንደገና ሊሰበሰብ ነው። ማመልከቻዬን ይዤ ወደ ጸሐፊው ቢሮ ሄድኩ። አምና የለበስኩትን ኮት ለብሻለሁ። ጸሐፊው የሥራ ዝርዝሬን ከላይ ጀምሮ በጥሞና አየና ጣቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣ እዚህ ላይ ስህተት አለ። አንደኛ ብለው ያስገቡት ስረዛውን ነው። ይሄ እኮ ሥራ አይደለም።»

«ከሥራዎቼ ሁሉ እርግጠኛ የሆንኩበት እሱ ነው። ሌሎቹን ገና እየመረመርኳቸው ነው። አንደኛ ይሁን።»

«እሺ...» አለ እስክሪብቶውን እያንጠለጠለ። «ስንት ጊዜ ተጠቅሷል?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?» ቀና ብሎ አየኝ፤ ሊያዝንልኝ ነው። «እንደው ትንሽ ቢቆዩና ቁጥሩ ከፍ ቢል አይሻልም? አምና የአንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ባለቤት ነበሩ።»

«ከነዚያ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም» አልኩት። «የዚችን ግን አውቃለሁ። ምን እንደምትሠራም አውቃለሁ። እጇ ደህና መሆኑንም አውቃለሁ። ጻፍ።»

«አንድ» ብሎ ጻፈ።